በአርባ ምንጭ ቆላማ አካባቢ የኮንክሪት ግድብ ስንጥቅን በሙቀት ቁጥጥር ስለ መከላከል፦ የሙሌት ሙቀት ገደብ ብቻውን ለምን አይበቃም?

አጽሕሮተ ጽሑፍ

የኮንክሪት ግድብ ከሚሰነጠቅባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ሲሚንቶ ከውኃ ጋር ሲዋሐድ የሚያመነጨው ሙቀትና ያ ሙቀት ሲበርድ የሚከተለው መኮማተር ነው። በሥራ ቦታዎች በብዛት የሚሠራበት መከላከያ ኮንክሪቱ በሚሞላበት ጊዜ ሙቀቱ ከአንድ ቁጥር፣ ለምሳሌ ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እንዳይበልጥ መገደብ ነው። ይህ ጽሑፍ ገደቡ መተከል ያለበት በሙሌት ሙቀት ላይ ሳይሆን ኮንክሪቱ ከደረሰበት ከፍተኛ ሙቀት እስከ መጨረሻው የተረጋጋ ሙቀት ድረስ በሚወርድበት ጠቅላላ ቅናሽ ላይ መሆኑን ያስረዳል። ለአርባ ምንጭ አካባቢ በተሠራ ቀላል ስሌት ይህ ቅናሽ ያለ ምንም ጥንቃቄ 41 ዲግሪ ሲደርስ፣ ጠጠርን በማጥላት፣ በሌሊት በመሙላትና የሲሚንቶን መጠን በመቀነስ ብቻ ወደ 20 ዲግሪ ሊወርድ እንደሚችል ይታያል። በተጨማሪም የአካባቢው ወንዞች የውኃ ወቅት የመሠረት ሙሌትን በዓመቱ ሞቃት ወራት ላይ እንደሚጥለውና ይህም ልዩ ጥንቃቄ እንደሚሻ ይተነተናል።

ቁልፍ ቃላት፦ የኮንክሪት ግድብ፣ የሙቀት ስንጥቅ፣ የሙሌት ሙቀት፣ አርሲሲ፣ ፖዞላን፣ አርባ ምንጭ

1. መግቢያ

በኢትዮጵያ ትልልቅ የኮንክሪት ግድቦች የተሠሩት በአብዛኛው በቆላ ነው። ከጋሞ ዞን በስተ ሰሜን በኦሞ ወንዝ ላይ የቆመውና በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ 3 ግድብ ከ240 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ጫፉ እንኳ ከባሕር ወለል በላይ ከ900 ሜትር በታች ይገኛል። ከእርሱ በታች በዚያው ወንዝ ላይ የኮይሻ ግድብ በመሠራት ላይ ነው። በጉባ የተገነባውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ዋና አካል 145 ሜትር ከፍታና 1,780 ሜትር ርዝመት ሲኖረው፣ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ኮንክሪት ፈጅቷል። ሦስቱም በሮለር የተጠቀጠቀ ኮንክሪት፣ በተለምዶ አርሲሲ በሚባለው ዘዴ የሚሠሩ ናቸው። በአንጻሩ በ2001 ዓ.ም. የተጠናቀቀው 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ በሁለት አቅጣጫ የታጠፈ የቅስት ግድብ ነው።

እነዚህ ፕሮጀክቶች የራሳቸው ቤተ ሙከራ፣ የማቀዝቀዣ መሣሪያና የሙቀት ባለሙያ አላቸው። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ግን ከእነርሱ በታች ያሉት ናቸው። እነዚህም ከ5 እስከ 40 ሜትር ከፍታ ያላቸው፣ ለመስኖና ለመጠጥ ውኃ የሚታሰቡ ግድቦች፣ እንደ ኩልፎና ሐሬ ባሉ ወንዞች ላይ የሚሠሩ የውኃ መቀልበሻ ግንቦች፣ እንዲሁም የማፋሰሻ አካላት ናቸው። በእነዚህ ሥራዎች ላይ የሙቀት ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋል፤ «ኮንክሪቱ ሲሞላ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ አይብለጥ» ይባላል። መለኪያው ግን ብዙ ጊዜ በቦታው የለም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ወደ ሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ከመምጣቱ በፊት በአንድ አነስተኛ የውኃ መቀልበሻ ግንብ ሥራ ላይ በረዳት መሐንዲስነት አገልግሏል። የዕለት መዝገቡ የሙሌት ሰዓት፣ የኮንክሪቱ ስላምፕና የሲሚንቶ ከረጢት ቁጥር ነበረው፤ የሙቀት ዓምድ ግን አልነበረውም። ሦስት ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የግንቡ አካል ከተሞላ በሦስተኛው ሳምንት ከመሠረቱ የተነሣ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ታየበት። በቦታው የተሰጠው ፍርድ «ሲሚንቶ አንሶታል» የሚል ነበር፤ ስለዚህም በቀጣዩ ሙሌት በሜትር ኩብ 40 ኪሎ ግራም ያህል ሲሚንቶ ተጨመረ። ቀጣዩም ክፍል ተሰነጠቀ። ያ ውሳኔ በቅን ልቦና የተሰጠ ቢሆንም ችግሩን የሚያባብስ እንደ ነበር ለማወቅ ከዚህ በታች የሚቀርበው ስሌት ይበቃል።

2. ስንጥቁ እንዴት ይፈጠራል?

አንድ ኪሎ ግራም ተራ ፖርትላንድ ሲሚንቶ፣ በገበያ ስሙ ኦፒሲ፣ ከውኃ ጋር በሚያደርገው ውሕደት በ28 ቀናት ውስጥ በግምት 330 ኪሎጁል ሙቀት ያወጣል። በቀጭን የቤት ወለል ላይ ይህ ሙቀት ወዲያው ወደ አየር ይወጣል። በግድብ ውስጥ ግን መውጫ ስለሌለው ኮንክሪቱን ራሱን ያሞቀዋል። በሜትር ኩብ 220 ኪሎ ግራም ኦፒሲ ያለበት ኮንክሪት ሙቀቱ ምንም ሳይባክን ቢቀር በ30 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ከላይ በተጠቀሰው ግንብ እንደ ተደረገው 40 ኪሎ ግራም ቢታከልበት ጭማሪው ወደ 35 ዲግሪ ይደርሳል።

መሞቁ ብቻውን ብዙ ጉዳት የለውም፤ ኮንክሪቱ በሚሞቅበት ጊዜ ገና ለጋ ስለሆነ የሚፈጠረው የመጨመቅ ውጥረት አነስተኛ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ሲበርድ ነው። በዚያን ጊዜ ኮንክሪቱ ጠንክሯል፤ ሊኮማተር ሲፈልግ ከሥሩ ያለው ዐለት ወይም ቀድሞ የተሞላው ክፍል ይይዘዋል። መኮማተር ያልቻለ አካል ውስጡ ይወጠራል፤ ውጥረቱ ኮንክሪቱ ሊሸከመው ከሚችለው ሲያልፍ ይሰነጠቃል። እገዳው ከፍተኛ የሚሆነው ከዐለቱ አጠገብ ሲሆን ወደ ላይ ከፍ በተባለ ቁጥር ይቀንሳል። የሙቀት ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ከመሠረት ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ የተለየ ሌላ ስንጥቅም አለ። የግድቡ ውስጥ ትኩስ ሆኖ ሳለ ፊቱ በድንገት ሲቀዘቅዝ፣ ፊቱ ይኮማተራል፤ ውስጡ ደግሞ አይለቀውም። ይህ የፊት ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ጥልቀቱ አነስተኛ ነው፤ ሆኖም በኋላ ለሚመጣው ጥልቅ ስንጥቅ በር ይከፍታል።

ስንጥቁ የሚታይበት ጊዜ በውፍረት ይወሰናል። ሙቀት በኮንክሪት ውስጥ የሚጓዘው በጣም በዝግታ ሲሆን፣ የመብረጃው ጊዜ በውፍረቱ ስኩዌር ያድጋል። በሁለቱም ፊት በኩል የሚበርድ 3 ሜትር ውፍረት ያለው ግንብ ከያዘው ትርፍ ሙቀት ሲሶ ያህሉ ብቻ እስኪቀር በግምት 12 ቀናት ይበቁታል። 10 ሜትር ለሆነው አራት ወር ተኩል ያህል፣ 40 ሜትር ለሆነው ደግሞ ወደ ስድስት ዓመት ያስፈልጋል። አነስተኛ ግንብ ተቋራጩ ከቦታው ሳይለቅ ይሰነጠቃል። ትልቁ ግድብ ግን ተመርቆ፣ ውኃ ይዞ፣ የዋስትናው ዘመን ካለፈ በኋላ ሊሰነጠቅ ይችላል። በዚያን ጊዜ ስንጥቁ የውኃ መንገድ ይሆናል፤ ጥገናውም የሚሠራው ከውኃ በታች ነው።

ይህ ዝግታ በዓለም ታሪክም የታወቀ ነው። በአሜሪካ የሁቨር ግድብ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲሠራ፣ ያለ ማቀዝቀዣ ቢተው ለመብረድ ከ100 ዓመት በላይ እንደሚፈጅበት ተገምቶ ነበር። ስለዚህ ግድቡ በዓምዶች ተከፋፍሎ ተሞላ፤ በውስጡም ቀጫጭን የብረት ቧንቧዎች ተዘርግተው ቀዝቃዛ ውኃ እንዲተላለፍባቸው ተደረገ። ዛሬም በቅስት ግድቦች ላይ ይህ አሠራር የግድ ነው፤ ብሎኮቹ በርደው ሲኮማተሩ የሚከፈተው መገጣጠሚያ በሲሚንቶ ቅልቅል ካልተሞላ ቅስቱ እንደ አንድ አካል ሊሠራ አይችልም።

3. ምን ያህል ቅናሽ ይፈቀዳል?

የሚፈቀደውን የሙቀት ቅናሽ ለመገመት አራት ነገሮች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ኮንክሪቱ በአንድ ዲግሪ ለውጥ የሚያሳየው የርዝመት ለውጥ ነው። ይህ በዋነኛነት በጠጠሩ ዓይነት ይወሰናል፤ በአገራችን በብዛት ከሚገኘው የባዛልት ጠጠር ለተሠራ ኮንክሪት ከሚሊዮን 8.5 ያህል መውሰድ ይቻላል። ሁለተኛው የእገዳው መጠን ነው፤ ከዐለት አጠገብ 0.8 እንውሰድ። ሦስተኛው ኮንክሪቱ ለረጅም ጊዜ ሲወጠር በዝግታ በመለጠጥ ውጥረቱን የሚያቃልልበት ልክ ነው፤ ለዚህ 0.65 ተወስዷል። አራተኛው ኮንክሪቱ ሳይሰነጠቅ ሊሳብ የሚችልበት አቅም ሲሆን ከሚሊዮን 90 ተገምቷል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሲባዙ በእያንዳንዱ ዲግሪ ቅናሽ ከሚሊዮን 4.4 ያህል የታገደ መኮማተር ይገኛል። 90 ለ4.4 ሲካፈል ውጤቱ 20 ዲግሪ ያህል ነው። እንግዲህ ከመሠረት አጠገብ ኮንክሪቱ ከከፍተኛው ሙቀቱ እስከ መጨረሻው የተረጋጋ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ባይወርድ ይመረጣል። በጠጠሩና በቅይጡ ዓይነት ይህ ቁጥር ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ስለሚችል በየፕሮጀክቱ በቤተ ሙከራ መረጋገጥ አለበት። የሐሳቡ አካሄድ ግን አይለወጥም።

የመጨረሻው የተረጋጋ ሙቀት ለመካከለኛ ግድብ ከአካባቢው የዓመት አማካይ የአየር ሙቀት ጋር ተቀራራቢ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,285 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ለምትገኘው ለአርባ ምንጭ ይህ 24 ዲግሪ ያህል ነው። እዚህ ላይ ቆላው አንድ ጥቅም አለው፤ የመጨረሻው ሙቀት ከፍ ያለ ስለሆነ ኮንክሪቱ ብዙ ርቀት አይወርድም። በ28 ዲግሪ ተሞልቶ 30 ዲግሪ የሚጨምር ኮንክሪት በአርባ ምንጭ 34 ዲግሪ ይወርዳል። የዓመት አማካይ ሙቀቷ ከ16 እስከ 17 ዲግሪ በሆነው በአዲስ አበባ በ20 ዲግሪ የተሞላ ተመሳሳይ ኮንክሪትም ወደ 34 ዲግሪ ይወርዳል። በሙሌት ሙቀት ብቻ ቢፈረድ የአዲስ አበባው ደኅና፣ የአርባ ምንጩ አስጊ ይባል ነበር፤ በጠቅላላ ቅናሽ ሲታዩ ግን አደጋቸው እኩል ነው፤ ሁለቱም ከሚፈቀደው በላይ ናቸው። የ32 ዲግሪ ገደብ ብቻውን የማይበቃው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱም ኮንክሪቶች ገደቡን አክብረው ሊሰነጠቁ ይችላሉ።

4. የቅይጡ ሙቀት ከየት ይመጣል?

የትኛው እርምጃ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማወቅ የቅይጡን የሙቀት ሚዛን መሥራት ያሻል። በሜትር ኩብ 2,100 ኪሎ ግራም ጠጠርና አሸዋ፣ 220 ኪሎ ግራም ሲሚንቶና 120 ሊትር ውኃ ያለበትን ቅይጥ እንውሰድ። የደረቅ ቁሳቁስ ሙቀት የመያዝ አቅም ከውኃ 0.22 እጥፍ ነው። ጠጠሩ በፀሐይ ሞቆ 36 ዲግሪ፣ ሲሚንቶው 50 ዲግሪ፣ ውኃው 25 ዲግሪ ቢሆን ቅይጡ 35 ዲግሪ ይሆናል። ከዚህ ስሌት አራት ነገሮች ይወጣሉ።

ጠጠርና አሸዋ፦ በ10 ዲግሪ ቢበርዱ ቅይጡ በ7.3 ዲግሪ ይበርዳል። ከሁሉ የሚበልጠው ክብደት የእነርሱ ስለሆነ ከሁሉ የሚበልጠው ሥልጣንም የእነርሱ ነው።

ሲሚንቶ፦ በ10 ዲግሪ ቢበርድ ቅይጡ የሚበርደው 0.8 ዲግሪ ብቻ ነው። ከፋብሪካ ትኩሱን የመጣ ሲሚንቶ ብዙ ጊዜ ያሳስባል፤ ነገር ግን የሲሚንቶው ትኩሳት ከመጠኑ ጋር ሲነጻጸር ጉዳቱ ትንሽ ነው።

ውኃ፦ ከ25 ወደ 5 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ቅይጡ በ3.8 ዲግሪ ይበርዳል።

በረዶ፦ ከውኃው ግማሹ፣ 60 ኪሎ ግራም፣ በተፈጨ በረዶ ቢተካ ቅይጡ በ10 ዲግሪ ይበርዳል። በረዶ ሲቀልጥ የሚወስደው ሙቀት ብዙ ስለሆነ ከእርምጃዎች ሁሉ ኃይለኛው ይህ ነው። ዋጋው ግን የዚያኑ ያህል ነው። በቀን 500 ሜትር ኩብ ለሚሞላ መካከለኛ ግድብ 30 ቶን በረዶ በየቀኑ ያስፈልጋል፤ ይህም በግምት 2 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈጃል። የመብራት መስመር ባልደረሰበት ሸለቆ ይህ የሚቃጠለው በጄነሬተር ነው።

5. አምስት ሁኔታዎች በአርባ ምንጭ

ከላይ ያሉት ክፍሎች አንድ ላይ ሲቀመጡ የሚከተለው ንጽጽር ይገኛል። ቁጥሮቹ በዲግሪ ሴንቲግሬድ ተጠጋግተው የቀረቡ ናቸው፤ የፖዞላን ሙቀት ከኦፒሲ በግማሽ እንደሚያንስ ተወስዷል፤ የመጨረሻው ሙቀት በሁሉም 24 ነው።

ሁኔታ 1፦ 220 ኪሎ ግራም ኦፒሲ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በፀሐይ በተመታ ጠጠር የተሞላ። የሙሌት ሙቀት 35፣ ጭማሪ 30፣ ከፍተኛ ሙቀት 65፣ ቅናሽ 41።

ሁኔታ 2፦ ያው ቅይጥ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በጥላ ቆይቶ 26 ዲግሪ በሆነ ጠጠር የተሞላ። የሙሌት ሙቀት 28፣ ጭማሪ 30፣ ከፍተኛ ሙቀት 58፣ ቅናሽ 34።

ሁኔታ 3፦ በሌሊት የተሞላ፣ 140 ኪሎ ግራም ኦፒሲና 60 ኪሎ ግራም ፖዞላን። የሙሌት ሙቀት 28፣ ጭማሪ 23፣ ከፍተኛ ሙቀት 51፣ ቅናሽ 27።

ሁኔታ 4፦ በሌሊት የተሞላ አርሲሲ፣ 80 ኪሎ ግራም ኦፒሲና 90 ኪሎ ግራም ፖዞላን። የሙሌት ሙቀት 27፣ ጭማሪ 17፣ ከፍተኛ ሙቀት 44፣ ቅናሽ 20።

ሁኔታ 5፦ እንደ ሁኔታ 4 ሆኖ፣ ውኃው ወደ 5 ዲግሪ የቀዘቀዘ። የሙሌት ሙቀት 24፣ ጭማሪ 17፣ ከፍተኛ ሙቀት 41፣ ቅናሽ 17።

ከሁኔታ 1 እስከ ሁኔታ 4 ቅናሹ በ21 ዲግሪ ወርዷል። ከዚህ ውስጥ 7ቱ ከጥላና ከሌሊት ሥራ፣ የቀሩት በአብዛኛው ከሲሚንቶ መቀነስ የመጡ ናቸው። እስከዚህ ድረስ የበረዶ ፋብሪካ አላስፈለገም። ይህ ማለት በረዶ አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን መጀመሪያ ቅይጥ፣ ቀጥሎ ጠጠር፣ ቀጥሎ ውኃ፣ በመጨረሻ በረዶ መሆን እንዳለበት ያሳያል። በተግባር ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በተቃራኒው ነው፤ በረዶ ማምጣት ስለማይቻል የሙቀት ቁጥጥር በጠቅላላ ይተዋል።

ስሌቱ የሙቀት ብክነትን አልቆጠረም። አርሲሲ በ30 ሴንቲሜትር ንጣፍ ስለሚሞላ ከፊቱ የተወሰነ ሙቀት ያጣል፤ በሌላ በኩል በመጓጓዣና በመጥቀጥቀጥ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ሊያገኝ ይችላል። ሁለቱ በከፊል ስለሚጣፉ ንጽጽሩ ለመጀመሪያ ውሳኔ ይበቃል። ለመጨረሻ ንድፍ ግን በኮምፒውተር የሚሠራ ዝርዝር የሙቀት ትንተና ያስፈልጋል።

ሲሚንቶን መቀነስ ጥንካሬን አይጎዳምን? ጥያቄው ተገቢ ነው። የግድብ ኮንክሪት ሙሉ ጭነቱን የሚሸከመው በ28ኛው ቀን ሳይሆን ውኃው ሲሞላ፣ ከወራት በኋላ ነው። ስለዚህ የጥንካሬ መመዘኛው በ90 ወይም በ180 ቀን ቢወሰን፣ በዝግታ የሚጠነክረው ፖዞላን ድርሻውን ለማበርከት ጊዜ ያገኛል። ለአነስተኛ ግንቦች የሚጻፉ የሥራ ዝርዝሮች የ28 ቀን ጥንካሬን ከሕንፃ ሥራ ስለሚገለብጡ ሳያስቡት ትርፍ ሲሚንቶ፣ ከእርሱም ጋር ትርፍ ሙቀት ይገዛሉ። ፖዞላን ደግሞ ለአገራችን ሩቅ አይደለም፤ በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው ፓሚስ በፒፒሲ ሲሚንቶ ውስጥ የሚፈጨው ይኸው ቁስ ነው። ሆኖም የፒፒሲ የፖዞላን ድርሻ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ለግድብ የሚውለው ሲሚንቶ የሙቀት መጠን በቅድሚያ መለካት አለበት።

6. የወንዙ ወቅትና የሙቀቱ ወቅት

እስካሁን የተባለው ሁሉ በየትኛውም ቆላ ይሠራል። የአርባ ምንጭ አካባቢ የራሱ የሆነ ችግር ግን አለ። የአካባቢው ዋና ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት ይጥላል፤ ሁለተኛው በመስከረምና በጥቅምት ይመጣል። የግድብ መሠረት የሚቆፈረውና የመጀመሪያው ኮንክሪት የሚሞላው ወንዙ ሲጎድል በመሆኑ ተቋራጩ የሚመርጠው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለውን ጊዜ ነው። የዓመቱ ሙቀት ከፍ የሚለውም በየካቲትና በመጋቢት ነው። እንግዲህ እገዳው ከሁሉ የሚበልጥበት፣ ስንጥቅ ከሁሉ የሚፈራበት የመሠረት ክፍል በዓመቱ ሞቃት ወራት ይሞላል። እገዳው የሚላላበት የላይኛው ክፍል ደግሞ በሰኔና በሐምሌ፣ አየሩ በሚለዝብበት ጊዜ ይሞላል። ወቅቱ ከሚያስፈልገው ጋር ተገላቢጦሽ ነው።

ወንዙን ማዘዝ ስለማይቻል መፍትሔው ጥንቃቄውን በከፍታ መከፋፈል ነው። ከዐለቱ እስከ ግድቡ የታች ስፋት ሩብ ያህል ከፍታ ድረስ ያለው ክፍል እንደ ልዩ ክልል ተቆጥሮ ጥብቅ ገደብ ቢደረግበት፣ ቀዝቃዛ ውኃም ሆነ በረዶ ለዚህ ክልል ብቻ ቢያዝ ወጪው ይቀንሳል። መጠኑ ከጠቅላላው ሙሌት ጥቂቱ ስለሚሆን ተንቀሳቃሽ ማቀዝቀዣ ለጥቂት ሳምንታት መከራየት ሊበቃ ይችላል። ከዚያ በላይ ያለው ክፍል በጥላና በሌሊት ሙሌት ብቻ ሊያልፍ ይችላል። አንድ ወጥ ገደብ ለመላው ግድብ መጻፍ ግን ከላይ ያባክናል፤ ከታች ደግሞ ያጎድላል።

የጋሞ ዞን የከፍታ ልዩነትም ሊታሰብበት ይገባል። ከአርባ ምንጭ ሽቅብ ወደ ጨንቻ ሲወጣ ከፍታው ወደ 2,700 ሜትር ይደርሳል። ሙቀት በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ ብንወስድ የጨንቻ አማካይ ሙቀት ከ15 እስከ 16 ዲግሪ ይሆናል። በደጋው የሚሠራ ግንብ የመጨረሻ ሙቀቱ በ8 ዲግሪ ያህል ስለሚያንስ፣ በአርባ ምንጭ ደኅና የነበረው የ27 ዲግሪ ሙሌት በጨንቻ ቅናሹን ከ20 ወደ 28 ያሳድገዋል። በተጨማሪም የደጋው ሌሊት ቀዝቃዛ በመሆኑ የፊት ስንጥቅ ያሰጋል። እዚያ ፎርምወርክ በንጋት ብርድ መንቀል አይገባም፤ አየሩ ሲሞቅ ተነቅሎ ፊቱ ወዲያው መሸፈን አለበት። በአንድ ዞን፣ ከአርባ ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ውስጥ ያሉ ሁለት ሥራዎች አንድ ዓይነት የሙቀት አንቀጽ ሊገለበጥላቸው አይገባም።

7. በሥራ ቦታ ሊደረጉ የሚችሉ እርምጃዎች

ሀ. የጠጠር ክምር ከላዩ ዳስ ቢጣልለትና ክምሩ ከፍ ብሎ ቢከመር፣ ጠጠሩም ከፀሐይ ከተመታው ከላይኛው ፊት ሳይሆን ከውስጡ ቢወሰድ ጥቅሙ የሚታይ ነው። በደረቁ ወራት ደቃቅ ውኃ መርጨት በትነት ያበርዳል። ይህ ለጠጠር እንጂ ለአሸዋ አይመከርም፤ የአሸዋው እርጥበት ሲለዋወጥ የቅይጡ ውኃ መጠን ይዛባልና።

ለ. የውኃ ታንከርና ቧንቧ ከፀሐይ መከለል፣ ከተቻለም ቧንቧውን መቅበር።

ሐ. ሙሌቱን ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት ማድረግ። ለዚህ በቂ መብራት፣ ተረኛ የቤተ ሙከራ ባለሙያና የሠራተኞች ደኅንነት አስቀድሞ መታቀድ አለባቸው፤ ሳይታቀድ የሚጀመር የሌሊት ሥራ በሙቀት ያተረፈውን በጥራት ይከስራል።

መ. ከተሞላ በኋላ ውኃ ሲጠጣ፣ ውኃው ከኮንክሪቱ ፊት ከ11 ዲግሪ በላይ የቀዘቀዘ እንዳይሆን መጠንቀቅ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በመታው ፊት ላይ ቀዝቃዛ የምንጭ ውኃ በድንገት መልቀቅ ራሱ ስንጥቅ ያመጣል።

ሠ. ግድቡን በየ15 እስከ 30 ሜትር በመገጣጠሚያ መክፈል። ኮንክሪቱ መኮማተሩ ስለማይቀር፣ የሚከፈትበትን ቦታ እኛ ብንመርጥለትና የውኃ ማገጃ ብናስገባበት ይሻላል።

ረ. በእያንዳንዱ ዋና ሙሌት ቢያንስ ሦስት የሙቀት መለኪያ መቅበር፦ አንዱ በመካከል፣ ሁለተኛው ከፊቱ 5 ሴንቲሜትር ገባ ብሎ፣ ሦስተኛው በጥላ ያለ አየር ላይ። ንባቡ በመጀመሪያው ሳምንት በየሦስት ሰዓቱ፣ ከዚያም በቀን አንድ ጊዜ ይመዝገብ። በመካከልና በፊት መካከል ያለው ልዩነት ወደ 20 ዲግሪ ሲጠጋ ፊቱ መሸፈን አለበት እንጂ መቀዝቀዝ የለበትም።

8. ማጠቃለያ

የሙቀት ስንጥቅ የሚወሰነው ኮንክሪቱ ሲሞላ ስንት ዲግሪ እንደ ነበረ ብቻ አይደለም። ከየት ተነሥቶ የት ደርሶ ስንት እንደ ወረደ መታወቅ አለበት። ስለዚህ በአርባ ምንጭና በአካባቢው ለሚታቀዱ የኮንክሪት ግድቦችና ግንቦች የሥራ ዝርዝር ሲጻፍ ሦስት ነገሮች እንዲካተቱ ይመከራል። አንደኛ፣ ገደቡ በጠቅላላ የሙቀት ቅናሽ ይገለጽ፤ የሙሌት ሙቀት ገደብም ከእርሱ ተሰልቶ ይውጣ። ሁለተኛ፣ የመሠረት ክልል የራሱ ጥብቅ ገደብ ይኑረው። ሦስተኛ፣ የጥንካሬ መመዘኛ ዕድሜ ወደ 90 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይራዘም።

ለቀጣይ ጥናት ቅርብ የሆነው ሥራ አንድ ሜትር ኩብ ብሎክ በወፍራም የሙቀት መከላከያ ሸፍኖ በአገር ውስጥ ሲሚንቶና በአካባቢው ባዛልት ጠጠር የሙቀት ጭማሪውን መለካት ነው። በ1979 ዓ.ም. በውኃ ቴክኖሎጂ ተቋምነት የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲያችን ለዚህ የተመቸ ቦታ ነው፤ ሙከራውም በአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጊዜ ውስጥ ያልቃል። ከዚህ የሚገኘው ቁጥር በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተወሰዱትን ግምቶች በልኬት ይተካቸዋል።

በመግቢያው የተጠቀሰው ግንብ ስንጥቁ ተሞልቶ ዛሬም ውኃ ይቀለብሳል። ነገር ግን በመዝገቡ ላይ አንድ የሙቀት ዓምድ ኖሮ ቢሆን፣ ሁለተኛው ክፍል የተሞላው በብዙ ሲሚንቶ ሳይሆን በጥቂቱ፣ በቀትር ሳይሆን በሌሊት በሆነ ነበር።